ውሾቹ ከውጭ አልመጡም

የምኖርበት ኮንዶሚኒየም ኮሚቴ ሰሞኑን ማስታወቂያ ለጥፏል። በግቢው የሚዞሩ ባለቤት አልባ ውሾች "ይወገዳሉ" ይላል። ይወገዳሉ ማለት ምን እንደሆነ አዲስ አበባ የኖረ ሰው ያውቀዋል። ማታ መርዝ ያለበት ሥጋ ይበተናል፤ ጠዋት የሞተ ውሻ ይለቀማል። ከማስታወቂያው በላይ ያናደደኝ ግን በስብሰባው ላይ ከኮሚቴው አባላት አንዱ የተናገሩት ነው። "እነዚህ ውሾች ከውጭ የመጡ ናቸው፤ የእኛ አይደሉም" አሉ። ብዙ ሰውም "እውነት ነው" አለ።

ከየትኛው ውጭ?

ከብሎካችን ጀርባ፣ የቆሻሻ ገንዳው አጠገብ፣ የማካሮኒ ካርቶን ውስጥ የተጣሉ አምስት ቡችሎች አይተናል። እላይ በላይ ተደራርበው ይንጫጫሉ። ካርቶኑ በሽንት ርሶ ሊቀደድ ደርሷል። ዓይናቸው ገና አልተገለጠም። ቡችላ ዓይኑን የሚገልጠው በተወለደ በሁለት ሳምንት ገደማ ነው። በራሱ እግር ከውጭ አይመጣም፤ ካርቶን ውስጥም ራሱን አያስገባም። አንድ ሰው ከእናታቸው ጡት ነጥቆ፣ ጨለማ ጠብቆ ጥሏቸዋል። አምስቱም ሴቶች ነበሩ።

ሴት መሆናቸው ማንንም አላስገረመም። በዚህ ከተማ ቡችላ የሚፈልግ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው "ወንድ ነው?" ብሎ ነው። ወንዱ ለጥበቃ ይፈለጋል። ሴቷ ግን "ትወልዳለች፤ የሰፈሩን ወንድ ውሻ ሁሉ በር ላይ ትሰበስባለች" ትባላለች። ስለዚህ ወንዶቹ ለዘመድና ለጎረቤት ይሰጣሉ። ሴቶቹ በማዳበሪያ ከረጢት ተቋጥረው ወንዝ ዳር ይወረወራሉ፤ ወይም ገንዳ ሥር ይተዋሉ። ብዙዎቹ ይሞታሉ። የተረፈችው ግን ስድስት ሰባት ወር ሲሞላት ለመውለድ ትደርሳለች። እርግዝናዋ ሁለት ወር ገደማ ብቻ ነው። በዓመት ሁለቴ ልትወልድ ትችላለች፤ በአንዴ አምስት ስድስት ቡችላ መውለድም ብርቅ አይደለም። እንግዲህ አስቡት። የማይወልደውን ግቢያችን ውስጥ አስቀርተን፣ የምትወልደዋን መርጠን መንገድ ላይ እናወጣለን። ከዚያ "ውሻ በዛ" ብለን ስብሰባ እንጠራለን። መንገዱን በውሻ የሞላነው እኛው ነን።

እናትየዋን ማስመከን ይቻላል። እንስሳት ሐኪም ጋ ተሂዶ አንዴ የሚያልቅ ነገር ነው። "ተፈጥሮዋን መንካት ኃጢአት ነው" የሚሉኝ አሉ። ዓይኑን ያልገለጠ ቡችላ ከጡት ነጥቆ ገንዳ ላይ መጣሉ ነው ወይ ጽድቁ?

የእብድ ውሻ በሽታ ስጋት እውነት ነው፤ እሱን አልክድም። በአገራችን በየዓመቱ ወደ 2,700 ሰው እንደሚገድል ይገመታል። ምልክቱ ከታየ በኋላ ደግሞ መዳኛ የለውም ማለት ይቻላል። ግን መርዝ አላቆመውም። የዓለም ጤና ድርጅትም ውሻ መግደል በሽታውን እንደማይገታ በግልጽ ይናገራል። የሚገታው ቢያንስ 70 በመቶው ውሻ ሲከተብ ነው። መርዝ የተከተበውን ካልተከተበው አይለይም። ክፍቱ ገንዳ እዚያው ስላለ በሞቱት ቦታ ከሌላ ሰፈር ያልተከተቡ ይተካሉ። ደግሞስ ቀን ሰንሰለት ላይ ውሎ፣ ማታ "ፈልጎ ይብላ" ተብሎ በር የሚከፈትለት ውሻ ባለቤት አልባ ነው? ልጅ ሲነክስ የእኔ አይደለም ይባላል እንጂ ባለቤቱን ሁላችንም እናውቀዋለን።

"መጠለያ ይሠራላቸው" ያሉም ነበሩ። ደግ ሐሳብ ነው፤ ነገር ግን ምንጩ ካልተዘጋ መጠለያውም ይሞላል። በከተማው ያሉት ጥቂት መጠለያዎች በበጎ ፈቃደኞች ኪስ የሚተዳደሩ ናቸው። በአንዱ የምታግዝ ጓደኛዬ ስልኳ ላይ የምትሰማውን ትነግረኛለች። "ዲቪ ደርሶን ልንሄድ ነው፣ ውሰዱልን።" "ቤት ቀየርን፣ አዲሷ አከራያችን ውሻ አትወድም።" "ልጆቹ ሰለቹት።" "አርጅቷል፣ አሁን አይጮኽም።" ከእነዚህ ውስጥ የውሻው ጥፋት የትኛው ነው? አከራይን አስቀድሞ መጠየቅ ይቻላል። ልጅ ስላለቀሰ በመኪና መስኮት የተገዛ ፀጉራም ቡችላ በዓመቱ ትልቅ ውሻ እንደሚሆን ማንም ያውቃል። ይበላል፣ ይጮኻል፣ ጫማ ያኝካል። አሥር ዓመትና ከዚያም በላይ አብሮ ይኖራል። ይህን የማይችል ሰው መጀመሪያውኑ ባይገዛ ማን አስገደደው?

ኮሚቴው ሥራ ከፈለገ ሥራ አለ። በየብሎኩ ውሻ ያለው ማን እንደሆነ የማይታወቅ ነገር የለም። ይመዝገብ። በየዓመቱ የክትባት ካርድ ያሳይ። ሴት ውሻ ያለው ያስመክናት፤ እንቢ ካለ ይቀጣ። ቡችላ ሲጥል የተያዘ በጎረቤቱ ፊት ይጠየቅ። ውሻውን ለማሳደግ ያቃተው ደግሞ ተቀባይ እስኪያገኝ ድረስ እዚያው ቤቱ ይመግበው። "ገንዘብ ከየት ይመጣል?" ለሚሉኝ፣ ለመርዙና ለአንሺዎቹ እያንዳንዳችን እንድናዋጣ ተጠይቀናል። ያ ገንዘብ ለክትባት ይዋል። የእኔን ድርሻ የዚያኑ ዕለት እከፍላለሁ፤ ለመርዝ ግን አንዲት ብር አላወጣም።