«ጨርቁ አላጠረም፣ አንቺ ነሽ የጨመርሽው»

እንዲህ አለኝ ልብስ ሰፊው! ሜትሩን አንገቱ ላይ እንዳንጠለጠለ፣ ሰው በተሰበሰበበት። የቀሚሱ ፊት ከጉልበቴ በላይ ተሰቅሏል፣ ጀርባው ባቴን አልፎ ወርዷል፣ ትከሻው ወደ ክንዴ ተንሸራቷል። «ወንድሜ፣ ፊቱ ለምን አጠረ?» ብዬ በጨዋ ደንብ ነው የጠየቅሁት። «ጨርቁ አላጠረም እህቴ፣ አንቺ ነሽ የጨመርሽው!» ተራ የሚጠብቁት ሳቁለት። ሳቁ ሲጣፍጠው ደግሞ፣ «ግድ የለሽም፣ ስትወልጂ ልክ ይሆናል» አለ።

ስወልድ! ያሰፋሁት እኮ ለእርግዝናዬ ነው!

እርጉዝ ሴት በሁሉም አቅጣጫ እኩል አትሰፋም። የሚገፋው ሆድና ጡት ነው፤ ትከሻ ያው ትከሻ ነው። መደበኛውን ቀሚስ ሁለት ቁጥር አሳድጎ መስጠት ድንኳን መስፋት ነው። ፊቱ ከጀርባው ተለይቶ ይቆረጣል፣ ከጡት ሥር ይያዛል፣ ጎንና ጎኑ ይሸበሸባል፤ ሆድ ጨርቁን ወደ ላይ ስለሚስብ ከፊት በኩል ይረዝማል። ይህን ሁሉ ጨርቁን ሳስረክብ ነግሬዋለሁ። «ሥራዬን አታስተምሪኝ» ነበር መልሱ። ጥጥ መርጬ የሰጠሁትንም «ያለ ገበር አያምርም» ብሎ ከውስጥ ፖሊስተር ለጠፈበት። በድሬዳዋ ሙቀት! ለእርጉዝ!

ሱሪማ አይነሳ። እዚሁ ከተማችን ታይዋን ገበያ አንዱ ሻጭ ሆዴን አየና ትልቁን ቁጥር ወረወረልኝ፤ ላስቲኩ ሆዴን ሲከረክረኝ ዋለ። ሽቲ፣ ያንን ሰፊ የቤት ቀሚስ፣ ለብሼ ቢሮ ብሄድ አለቃዬ «ከአልጋ ነው የመጣሽው?» አለኝ። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ከወሊድ በፊት የሚሰጠኝ 30 ቀን ፈቃድ ነው። እስከዚያ ደንበኛ ፊት ምን ለብሼ ልቁም?

«ለጥቂት ወር ምን ያስጨንቅሻል» የሚሉኝ ደግሞ አሉ። ደረቱ በቁልፍ የሚከፈት ቢሆን እኮ ጡት ሳጠባም እለብሰዋለሁ! ይህንንም ነግሬው ነበር፤ አንድም ቁልፍ አልተከለበትም።

እዚሁ ጎረቤታችን ሐረር፣ ጀጎል ውስጥ፣ ስሙን ከስፌት መኪና ድምፅ ያገኘ መንገድ አለ፤ መኪና ግርግር። ይህን ያህል የስፌት እጅ ባለበት አካባቢ ለእርጉዝ ሆድ የሚቆርጥ ሰው እንዴት ይጠፋል?

ገንዘቤን አልጠየቅሁትም። ለመጨቃጨቅ እንኳን ጉልበት አልነበረኝም፤ እግሬ አብጦ ነበር፣ ባጃጅ ይዤ መጣሁ። ገበሩን ራሴ እየተረተርሁ ነው።

ፊቱን ለብቻው የሚቆርጥ ልብስ ሰፊ የምታውቁ እባካችሁ ንገሩኝ። ሐረርም ቢሆን እወጣለሁ። ሆዴ በየሳምንቱ ስለሚገፋ ግን ዛሬ ለክቶ ከወር በኋላ የሚያስረክብ አይሆነኝም።