«ኪኒን ኪኒን ነው» ላሉን

ሰሞኑን በአንድ የባለሙያዎች ውይይት ላይ የሰማሁት ነገር አልዋጥልኝ ብሏል። ርዕሱ ለኤችአይቪ ምርምር የሚወጣ ገንዘብ ነበር። አንድ ተናጋሪ ጃፓንን ምሳሌ አደረጉ። በጃፓን ታካሚዎች ላይ ብቻ የሚሠሩት ትናንሽ የሆስፒታል ጥናቶች ቅንጦት ናቸው፣ ትልልቆቹ ዓለም አቀፍ ሙከራዎች ይበቃሉ አሉ። ማሳረጊያቸው «ኪኒን ኪኒን ነው፤ ሰውም ሰው ነው» የሚል ነበር። አዳራሹ አጨበጨበ።

ሰው ሰው ነው፣ ልክ ነው። የሁሉም ጉበት ግን እኩል አይሠራም።

ኢፋቪሬንዝ የተባለውን የኤችአይቪ መድኃኒት እንውሰድ። ለዓመታት አዋቂ የተባለ ሁሉ በቀን 600 ሚሊግራም ይታዘዝለት ነበር። ማታ ይዋጣል። ከዚያ ማዞር፣ ቅዠት፣ እንቅልፍ ማጣት፣ አንዳንዱ ላይ ደግሞ ድብርት። ቶኪዮ ያለው የኤድስ ክሊኒካል ማዕከል ሐኪሞች ነገሩን «ይለመዳል» ብለው አላለፉትም። ደም ወስደው መድኃኒቱን ለኩ። አንዳንዱ ታካሚ ደም ውስጥ ያለው መጠን ከሌላው እጅግ በልጦ አገኙት። ምክንያቱ በዘር የሚወረስ ነው። መድኃኒቱን የሚሰባብረው የጉበት ኢንዛይም እነዚህ ሰዎች ላይ ዘገምተኛ ነው። ስለዚህ መጠኑን ወደ 400፣ ለአንዳንዱም ወደ 200 ሚሊግራም ቀነሱላቸው። ቫይረሱ እንደታፈነ ቆየ፣ የብዙዎቹም ስቃይ ቀለለ። ይህ የታተመው እ.ኤ.አ. በ2007 ነው። 400 ሚሊግራም ከ600 እንደማያንስ ያረጋገጠው ትልቁ ዓለም አቀፍ ሙከራ ውጤቱ የወጣው በ2014 ነው። ሰባት ዓመት! «ይበቃል» የተባለው ሙከራ እስኪደርስ ስንት ሰው በቅዠት አደረ?

ይህ የጃፓኖች ጉዳይ ብቻ አይደለም። ኢንዛይሙን የሚያዘገየው በዘር የሚወረስ ለውጥ እኛ ኢትዮጵያውያን ላይ ከጃፓናውያን ይልቅ በብዛት ይገኛል። መድኃኒት ቤት መስኮት ላይ እሠራ በነበረበት ጊዜ አንዲት እናት «ልጄ፣ ሌሊቱን ሙሉ ገደል ስገባ ነው የማድረው» አሉኝ። «እማማ፣ ትንሽ ይታገሡ፣ ይለመዳል» አልኳቸው። እስከ ዛሬ ይቆጨኛል። ያን ቀን የሚያስፈልጋቸው ትዕግሥት አልነበረም። ደማቸውን የሚለካ ሰው ነበር።

ሌላው የኤችአይቪ መድኃኒት ቴኖፎቪርም ያው ነው። 80 ኪሎ የሚመዝነውም 45 ኪሎ የሚመዝነውም እኩል 300 ሚሊግራም ይውጣል። ክብደታቸው ያነሰ ታካሚዎች ኩላሊት ይበልጥ እንደሚጎዳ እነዚሁ የቶኪዮ ሐኪሞች በ2011 አሳዩ። ከበድ ያለ ሰውነት ባላቸው ሰዎች የተሞላ ሙከራ ይህን ከየት አምጥቶ ያሳየናል?

ጥናቶቹ ትናንሽ ናቸው፣ ብዙዎቹም የአንድ ሆስፒታል ናቸው። ይሁን። ተናጋሪው ያነሡት አንድ ነገር ግን መልስ ይገባዋል። የአገር ውስጥ ሙከራ ይቅደም ማለት መድኃኒት ያዘገያል ብለዋል። እውነት ነው፣ ጃፓን ይህን በሰው ሕይወት ከፍላበታለች። ደም የሚያረጋውና ቫይረሱ እንዲሞት በሙቀት የታከመው መድኃኒት አሜሪካ ውስጥ በ1983 ሲጸድቅ፣ ጃፓን ያጸደቀችው በ1985 ነው። ከ1,400 በላይ የሄሞፊሊያ (ደም ቶሎ ያለመርጋት በሽታ) ታካሚዎች በሙቀት ባልታከመው ምርት ቫይረሱ ይዟቸዋል። ግን ጃፓን ከዚያ ምን ተማረች? ተጎጂዎቹ ከሰሱ፣ በ1996 ዕርቅ ወረደ። የቶኪዮው ማዕከል በ1997 የተከፈተው በዚያ ዕርቅ ነው። ከዚያ ወዲህ የፀረ ኤችአይቪ መድኃኒቶች በውጭ አገር መረጃ ቶሎ ይጸድቃሉ፣ ከዚያ ሐኪሞቹ የራሳቸውን ታካሚ እግር በእግር ይከታተላሉ። መድኃኒቱ አልዘገየም። ቅንጦት የተባለው እንግዲህ ይህ ክትትል ነው! በተበከለ መድኃኒት ተጎድተው ክትትል ይደረግልን ብለው የታገሉ ሰዎች ያተረፉትን ነገር ቅንጦት ማለት ነውር ነው።

ዛሬ ጤና ጣቢያዎቻችን የሚያድሉት የኤችአይቪ መድኃኒት ዶሉቴግራቪር ራሱ ከጃፓኑ የመድኃኒት ኩባንያ ከሺዮኖጊ ቤተ ሙከራ የወጣ ነው። የራሳቸው አገር መድኃኒት ስለሆነ ብለው ዝም አላሉትም። ኦሳካ ያሉ ሐኪሞች በማን ደም ውስጥ እንደሚበዛ፣ ማን ላይ እንቅልፍ እንደሚነሣ መርምረው በ2017 አሳትመዋል።

ያን ቀን ያጨበጨባችሁ ባልደረቦቼ፣ ነገ ጠዋት ኤአርቲ (የፀረ ኤችአይቪ ሕክምና) ክፍል የሚመጣላችሁን ታካሚ መዝኑት። ሌሊቱን እንዴት እንዳደረም ጠይቁት፣ መልሱንም ካርዱ ላይ ጻፉት።