ከብረቱ በፊት ጥላው

አዳማ በገባሁ በሦስተኛው ቀን የእህቴ ልጅ ከንጋቱ 11 ሰዓት ተኩል ላይ በሩን አንኳኳ። «አክስቴ ተነሺ፣ ፀሐይዋ ሳትቀድመን!» አለኝ። ማታ ስንጫወት «ዱባይ ባሕር ዳር ስፖርት እሠራለሁ» ብዬው ነበር። እሱም የእነሱን ጂም ሊያሳየኝ ቃል ገብቶልኛል።

ጂሙ ጣሪያም ግድግዳም የለውም። ከሰፈሩ ጀርባ ያለ ክፍት ቦታ ነው። ሁለት የብረት ቋሚ መሬት ውስጥ በሲሚንቶ ተቀብሯል፤ ከላይ የውሃ ቱቦ ተበይዶበታል። ፑል አፕ የሚሠራው እዚያ ላይ ነው። ቤንቹ ከጣውላ የተመታ ነው። ክብደቱ ደግሞ የቀለም ጣሳ። ባዶውን ጣሳ ሲሚንቶና አሸዋ ይሞሉታል፣ ቱቦውን መሐል ላይ ይተክሉበታል፣ እስኪደርቅ በድንጋይ አስደግፈው ያቆሙታል። ከዚያ ገልብጠው ሌላኛውን ጫፍ እንዲሁ ያደርጋሉ። ሁለቱ ጣሳ እኩል እንዲሆን የሰፈሩን ሱቅ ሚዛን ተውሰው ነው የመዘኑት። የመኪና ቸርኬ አለ። በማዳበሪያ የተቋጠረ አሸዋ አለ። አንዱ ጋደም ብሎ ሲገፋ ሌላው ከራስጌው ቆሞ «በርታ! አንድ ብቻ! ግፋው!» ይለዋል።

ቆሜ ሳያቸው ሆዴ ተላወሰ። ግማሾቹ ቀኑን ሙሉ ሲሸከሙ የሚውሉ ልጆች ናቸው። አንዱ ግንበኛ ጋ ረዳት ነው፤ ብሎኬት ሲያቀብል ነው የሚውለው። ሌላው ባጃጅ ይነዳል። ሥራ የሌላቸውም አሉ። ለአንዱም ማንም አንድ ሳንቲም አላወጣለትም፤ ሁሉንም በእጃቸው ነው የሠሩት።

እኔ ዱባይ 12 ዓመት ሆኖኛል። የመጀመሪያዎቹን ዓመታት ሰው ቤት ነው የሠራሁት። ያኔ ባሕሩን የማውቀው በመኪና መስኮት ነው። ከዚያ ቤት ወጥቼ ሌላ ሥራ ስይዝ ወገቤ አስቸገረኝ። ሐኪሙ «ጡንቻሽን አጠንክሪ» አለኝ። ለጂም የምከፍለው ገንዘብ አልነበረኝም። ጁሜራ ባሕር ዳር ግን በነፃ ነው። 14 ኪሎ ሜትር የሚሆን፣ ለጉልበት የሚመች የመሮጫ መንገድ ተነጥፏል። ካይት ቢች የሚባለው የባሕር ዳርቻ ላይ ዘንጉም መወጣጫውም ተተክሎልሻል። ማንነትሽን የሚጠይቅሽ የለም። ሚሊየነሩና የቤት ሠራተኛዋ አንድ ዘንግ ላይ ተራ ይጠባበቃሉ። ይህን ለማየት ግን መጀመሪያ ከቤት መውጣት መቻል ያስፈልጋል። ዛሬም መውጣት የማይችሉ እህቶች እንዳሉ አውቃለሁ። ስሮጥ ያኔ የነበርኩበት ክፍል ትዝ ይለኛል።

ሙቀቱን እንዳታስቡት። ነሐሴ ላይ ዱባይ ቀን ከ40 ዲግሪ ያልፋል። ሌሊቱም ከ30 የማይወርድበት ጊዜ ብዙ ነው። ከሁሉ የሚብሰው ወበቁ ነው። ላብ ሰውነትን የሚያቀዘቅዘው ሲተን ነው። አየሩ በእርጥበት ከጠገበ ግን ላቡ የት ይሄዳል? ቲሸርቴን ስጨምቀው ውሃ ጠብ ይላል፤ ሰውነቴ ግን እንደጋለ ነው። ስለዚህ ከተማው ሕይወቱን ወደ ሌሊት አዙሮታል። ባሕር ዳሩ መብራት አለው። ማታ 4 ሰዓት ላይ ልጅ አዝለው የሚራመዱ አሉ። በበጋቸው፣ ከሰኔ 8 እስከ መስከረም 5፣ በእኛ ሰዓት ከቀኑ 6:30 እስከ 9:00 ድረስ ፀሐይ ላይ ሠራተኛ ማሠራት በሕግ ክልክል ነው። ከ2010 ዓ.ም. ጀምሮ በየዓመቱ የሚያካሂዱት «30 ቀን፣ በቀን 30 ደቂቃ» የሚባል የስፖርት ዘመቻም አላቸው። እሱንም የሚጀምሩት ሙቀቱ ሲበርድ፣ ጥቅምት ውስጥ ነው። ሁሉን ነገር የሚያቅዱት ፀሐይዋን አይተው ነው። ከዚያ አገር አንድ ነገር ውሰጂ ብባል ይህን ነው የምወስደው።

ወደ አዳማ ልመለስ። የመጣሁት በመጋቢት ነው። ቀኑ 30 ዲግሪ ይደርሳል፤ አንዳንዴም ያልፋል። እኔ ግን «ይህማ ለእኔ ብርድ ነው» ብዬ ነበር። ተሳስቼ ነበር። አዳማ ከባሕር ጠለል በላይ ከ1,600 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ናት። እኔ ደግሞ 12 ዓመት ሙሉ የኖርኩት ባሕሩ አፍ ላይ ነው። እዚህ በአንድ ትንፋሽ የምናገኘው ኦክስጅን ከዚያኛው ከመቶ 18 ገደማ ያንሳል። ሁለት ዙር ሳልሮጥ ልቤ ጉሮሮዬ ጋ ደረሰች። ልጆቹ እየሳቁ «አይዞሽ አክስቴ፣ በርቺ!» አሉኝ።

ደግሞ ነፋሱ አለ። የአዳማን ነፋስ የማያውቅ የለም። ከተማው ዳር ኮረብታው ላይ በሁለት ምዕራፍ የተተከሉት፣ ከነፋስ ኤሌክትሪክ የሚያመነጩት ተርባይኖች አቅማቸው ሲደመር 204 ሜጋ ዋት ነው። ያን ሁሉ የሚያዞር ነፋስ ላብሽን ገና ሳይወጣ ያደርቀዋል። እንደማያልበኝ ስላሰብኩ ውሃም አልጠጣሁ። ቤት ገብቼ ጥቁሩን ቲሸርቴን ሳወልቅ ጀርባው ላይ ነጭ መስመር አየሁ። በጣቴ ነክቼ ቀመስኩት። ጨው ነው። ያን ቀን እስከ ማታ ራሴን ሲወጋኝ ዋለ።

ይህ ነገር ከልቤ አልወጣም። ዱባይ ላይ ሙቀቱ ራሱ ያስፈራራሻል፤ ሳትወጂ ትጠጫለሽ። አዳማ ላይ ግን ነፋሱ ያታልላል። ልጆቹም ውሃ አይጠጡም። አንዱን ለምን እንደማይጠጣ ስጠይቀው «ላብ ላይ ውሃ ከተጠጣ ልብ ያደክማል ይባላል» አለኝ። ይህ እውነት አይደለም። ልብን የሚያደክመው ውሃው ሲጎድል ነው። ውሃ ከላብ ጋር ሲወጣ የደም መጠን ይቀንሳል፤ ያኔ ልብ ያንኑ ሥራ ለመሥራት ቶሎ ቶሎ መምታት አለባት። በየመሐሉ ጎንጨት ጎንጨት ማለት ይበቃል።

በሁለተኛው ሳምንት አንድ ነገር ሆነ። ሁዳዴ ነው፤ ልጆቹ ይጾማሉ። አንዱ ጠዋት ሥራ ስለነበረው ከቀኑ 8 ሰዓት ላይ ብቻውን ሊሠራ መጣ። ከሌሊት ጀምሮ እህልም ውሃም አልቀመሰም። ዘንጉ ራሱ ፀሐይ ላይ ውሎ ስለሚፋጅ እጁን በጨርቅ ጠቅልሎ ነበር የሚንጠለጠለው። እኔና የእህቴ ልጅ ከገበያ ስንመለስ መሬት ላይ ተቀምጦ አገኘነው። ያዞረዋል፤ ያቅለሸልሸዋል፤ ፊቱ ጠቁሯል። በአቅራቢያው የሚያስጠልል ነገር አጣን። ደግፈን እስከ አንድ ግቢ አጥር ድረስ ወሰድነው። የግቢው ባለቤት ሴትዮ ጄሪካን ውሃ አወጡልን፤ አንገቱና ብብቱ ላይ እያፈሰስን በነጠላዬ አራገብኩለት። ጾሙን ስለመፍታት ሲያመነታ «የኔ ልጅ፣ እግዜር ሞትህን አልፈለገም፣ ጠጣ» አሉት። ጠጣ። ከግማሽ ሰዓት በኋላ ቀና አለ። ቃዥቶ ወይም ራሱን ስቶ ቢሆን ኖሮ በቀጥታ ወደ ሐኪም ነበር የምንሮጠው። እሱ ሲሆን ሰውነት ከ40 ዲግሪ በላይ ግሏል ማለት ነው፤ ይገድላል።

ዱባይም በረመዳን ሰው ይጾማል፣ ስፖርትም ይሠራል። ግን ሰዓቱን አስበው ነው። አንዳንዱ ለማፍጠሪያ ጥቂት ሲቀረው ቀለል ያለ ነገር ይሠራል፣ ወዲያው ይጠጣል። ሌላው ከማታ ጸሎት በኋላ ነው የሚወጣው። የእኛም ልጆች ጾሙን ከፈቱ በኋላ፣ አመሻሽ ላይ ቢሠሩ ምን አለበት? «መብራት የለም» አሉኝ። እውነታቸውን ነው። ሲጨልም አንዱ በሞባይሉ እያበራ ነው ሌላው የሚገፋው። ሲሚንቶ የተሞላ ጣሳ ደረት ላይ ቢወድቅስ?

ከተማ ውስጥ አንድ ቦታ አዳዲስ የስፖርት መሥሪያ ብረቶች ተተክለው አየሁ። ቀለማቸው ደስ ይላል። ከልቤ ደስ ብሎኝ ተጠጋሁ። ከረፋዱ 4 ሰዓት ነው፤ አንድም ሰው የለም። መያዣውን ስነካው እጄን ሳልፈልግ መለስኩት። በዙሪያው አንድ ዛፍ የለም፣ አንድ የውሃ ቧንቧ የለም። ብረቱን ለገዛው ሰው ብነግረው ደስ ይለኛል፦ ብረቱንማ ልጆቹ በቀለም ጣሳ ይሠሩታል። ጣሳ ሞልተው ሊሠሩት የማይችሉት ጥላውን፣ ውሃውንና መብራቱን ነው። ሞቃት አገር ላይ ጂም የሚጀምረው ከእነዚህ ነው። ኒም ዛፍ አዳማ ላይ ያለ ብዙ ውሃ ይበቅላል። ግራርም አለ።

ጥላና መብራት ለሴቶቹም ነው። ጠዋት እሁድ እሁድ ጤና ቡድን አባቶች ኳስ ሲጫወቱ አያለሁ፤ ደስ ይላል። እናቶቻችን የት ናቸው? ሁለተኛው ሳምንት ላይ ሁለት ልጃገረዶች ራቅ ብለው ቆመው ሲያዩኝ ጠራኋቸው። አንዷ «አንቺ ስላለሽ ነው እንጂ ብቻችንን አንመጣም» አለችኝ። ቦታው ጨለማ ነው፣ ጭር ያለ ነው። ብርሃን ያለበትና ሰው የሚቀመጥበት ጥላ ቢሆን እናቷም አብራት ትመጣ ነበር። ዱባይ ላይ ከሌሊቱ 5 ሰዓት ብቻዬን የምሮጠው ደፋር ስለሆንኩ አይደለም፤ መንገዱ ስለበራ ነው።

ከውጭ ለምትመጡ ወገኖቼም አንድ ነገር ልበል። በመጀመሪያው ቀን ራሳችሁን አትፈትኑ። ሰውነት ከሙቀት ጋር ለመላመድ ከ10 ቀን እስከ ሁለት ሳምንት ይፈልጋል። ከቀዝቃዛ አገር ከመጣችሁ ደግሞ ይብስባችኋል። ግማሹን ሥሩ፣ ውሃ የሞላ ሃይላንድ ከእጃችሁ አይለይ።

ከመሄዴ በፊት ሸራ ገዝተን በአራት እንጨት ላይ ወጠርነው። አንድ ትልቅ ጄሪካን ከነ ኩባያው ከሥሩ አስቀመጥን። ተራ ወጥቶለታል፤ በየቀኑ አንድ ሰው ይሞላል። ትናንት ለእህቴ ልጅ ደወልኩለት። ነፋሱ ሸራውን መሐል ለመሐል ቀዶታል። ያችው «ብቻችንን አንመጣም» ያለችኝ ልጅ በማዳበሪያ ጥፋ ሰፍታላቸው መልሰው ሰቅለውታል።