ማን ሞተብሽ?

እጄ እየተንቀጠቀጠ ነው የምጽፈው። ማንም እንዳይስቅብኝ። እሺ ሳቁ፣ ግን መጀመሪያ ጨርሱት።

ትናንት ማታ መብራት የቱ ጋ እንደጠፋ ሰፈርተኛ ሁሉ ያውቃል። በቱርኩ ድራማ አባትየው ሆስፒታል ተኝቷል። ሃያ ዓመት የጠፋችው ልጁ ፊቱ ቆማለች። ሊነግራት አፉን ከፈተ። ድርግም! እማዬ በጨለማው ውስጥ «ነገራት?» ትለኛለች። እኔ ምን አውቄ!

ቢሮ ሳልገባ ማየት ነበረብኝ። ያ የሥራ ባልደረባዬ (ታውቁታላችሁ) ቦርሳዬን ሳላስቀምጥ መጨረሻውን ካልዘረገፈልኝ ቡናው አይወርድለትም። ባለፈው ገዳዩን የነገረኝ ሊፍት ውስጥ ነው። ማምለጫ የለኝማ!

ስለዚህ ከፒያሳ የሜክሲኮ ታክሲ ያዝኩ፣ ድራማውን በስልኬ ከፍቼ ማዳመጫ ጆሮዬ ላይ ሰካሁ። ቸርችል ቁልቁል ስንወርድ «ልጄ» አላት። ፖስታ ቤት ጋ ሞተ። እኔም አለቀስኩ። እንባ ጠረግ ጠረግ እንዳይመስላችሁ። ትከሻዬ እየተነቀነቀ ነው።

አጠገቤ ነጠላ ያጣፉ እናት አሉ። እጄን ያዝ አደረጉኝ።

«ማን ሞተብሽ ልጄ?»

እዚህ ጋ «ድራማ ነው» ብል ነገሩ ያልቅ ነበር። ግን ሳግ ይዞኛል። «አባት...» ብቻ ነው የወጣኝ።

«ውይ በሞትኩት! አባቷን!» አሉ ለታክሲው በሙሉ። «ለጸሎት እንድይዛቸው፣ የክርስትና ስማቸው ማን ነው?»

«ኡስማን» አልኩ። ምን ነካኝ? አፌን ማን ከፈተው?

እናትየው ዝም አሉ። ከኋላ ወንበር አንድ ሰውዬ «ኢና ሊላሂ ወኢና ኢለይሂ ራጂዑን» አሉ፣ ከልባቸው። «ቀብሩ ኮልፌ ነው?»

«ቱርክ ነው።»

«ኤዲያ! ስደት!» ሾፌሩ መሪውን በጥፊ መታው። ከዚያ ታክሲው በሙሉ ስለ ሬሳ ማስመጣት ማውራት ጀመረ። አንዱ ከቤሩት ያስመጡትን ይተርካል። ሌላዋ እንባዋን ትጠርጋለች። ረዳቱ የዘረጋሁለትን ብር መለሰልኝ። «ሀዘንተኛ አላስከፍልም፣ እህቴ።» እኔ በዚህ ሁሉ መሀል አንገቴን ደፍቼ መውረጃዬን እቆጥራለሁ። አሁን ምን ብዬ ልንገራቸው? ከዚህ በኋላ እስከ ሰባት ቀን ከል መልበስ ነው የቀረኝ።

ብሔራዊ ጋ መንገዱ ተዘጋ። ማዳመጫው ከስልኩ ተነቀለ። ስልኬም ድምፁን ለቀቀው፦ «በሚቀጥለው ክፍል!» ከዚያ ሙዚቃ። ከዚያ የሳሙና ማስታወቂያ።

ጸጥ አለ።

«እህት፣ ሂሳብ!» አለ ረዳቱ። «የሟቹንም ጨምረሽ!»

ያውም ብሔራዊ ቲያትር ደጃፍ! ከ1948 ጀምሮ ሰው ትኬት ቆርጦ ድራማ የሚያይበት ቤት ፊት ለፊት፣ እኔ በነጻ አሳየሁ። ሳቁ ይሁን። የቆረጠኝ እናትየው እጄን ቀስ አድርገው መልቀቃቸው ነው። ምንም አላሉኝም። ወደ መስኮቱ ዞሩ።

ጥፋቱ ግን የኔ ብቻ ነው? ቱርኮቹ አገራቸው ላይ አንዱን ክፍል ከሁለት ሰዓት በላይ አድርገው ነው የሚያሳዩት። ለውጭ ሲሸጥ በ45 ደቂቃ በ45 ደቂቃ ይቆራረጣል። ለዚህ ነው ሽጉጥ ተደቅኖ «ይቀጥላል» የሚባለው። በ2008 ቃና ቴሌቪዥን ሲጀምር አርቲስቶቻችን ትርጉም ድራማ በዛ ብለው ተቆጥተው ነበር። እኔም አብሬ ተቆጣሁ። ማታ ማታ ግን እያየሁ ነበር የምቆጣው።

የኛዎቹስ? ባለሀብት ሁሉ የቤቱ ደረጃ ላይ ቆሞ ስልክ ያወራል። «ምን?! መቼ?! መጣሁ!» ሐኪሙ ጓንቱን እያወለቀ ይወጣል፣ «የምንችለውን ሁሉ አድርገናል»። አድርጋችኋል እንዴ? እኔ እስካሁን ግሉኮስ ስትሰቅሉ ብቻ ነው ያየሁት።

ግን አስናቀን ማን ይረሳል! በ«ሰው ለሰው» ድራማ ጊዜ አበበ ባልቻ አስናቀን ሆኖ ብቅ ሲል እማዬ በስሊፐር ቴሌቪዥኑን ልትመታ ትነሳ ነበር። ጎረቤት ሁሉ እኛ ቤት ነበር የሚሰበሰበው፤ አንዷ ቡና ትቆላለች፣ ሌላዋ ትራገማለች። እነሱ በ2016 ፒያሳ ሲፈርስ ተበተኑ። እማዬ አሁን ብቻዋን ነው የምትራገመው። አንዳንዴ ዞር ብላ «አይደለም እንዴ?» ትላለች፣ ማንም በሌለበት።

ኧረ ተዉኝ፣ ወደ ጉዳዬ ልመለስ።

ቢሮ ገባሁ። ዓይኔ ቲማቲም መስሏል። ያ ሰውዬ ገና ሲያየኝ ፈገግ አለ።

«ማታ አየሽው እንዴ?»

«እባክህ ዛሬ እንዳትናገር» አልኩት። ለመንኩት እኮ!

«አይዞሽ» አለኝ፣ ትከሻዬን መታ መታ እያደረገ። «አልሞተም። ከሁለት ክፍል በኋላ ይነቃል።»

አሁን እነዚያን እናት የት ሄጄ ልፈልጋቸው?