አምስት ፊልም የአንድን ተዋናይ ታላቅነት ያስመሰክራልን?

በጅማ ወጣት ተዋንያንን የሚያለማምዱ ሁለት መምህራን፣ እ.ኤ.አ. በ1978 በ42 ዓመቱ በሳንባ ካንሰር ስላረፈው አሜሪካዊ ተዋናይ «ጆን ካዛል በአምስት ፊልም ታላቅ ተዋናይ ሊባል ይገባል» በሚል ርዕስ በጽሑፍ ያደረጉት ክርክር ነው።

ደጋፊ፦ ካዛል የተጫወተባቸው አምስቱም ፊልሞች ለኦስካር የምርጥ ፊልም ሽልማት ታጭተው ሦስቱ አሸንፈዋል። በ1972 የወጣው «ዘ ጎድፋዘር» ሦስት ባልደረቦቹን፣ በ1974 የወጣው ሁለተኛው ክፍልም ሌሎች ሦስት ባልደረቦቹን ለምርጥ ረዳት ተዋናይነት ሲያሳጭ፣ እርሱ ግን በሕይወቱ አንድም ጊዜ ለኦስካር አልታጨም። ይህ ያሳዝነኛል። በሁለተኛው ክፍል ፍሬዶ ሆኖ ታናሽ ወንድሙ እንደናቀው የሚናገርበትን ትዕይንት ተመልከቱ፤ የተቀመጠበት ወንበር ወደ ኋላ የተንጋለለ ስለሆነ፣ ሊቆጣ ቀና ባለ ቁጥር ሰውነቱ አልታዘዝ ይለዋል፣ ታላቅ ወንድም ሆኖ ሳለ እንደ ሕፃን ይወራጫል። መሪ ገጸ ባሕርይ ካልተሰጠኝ ብሎ ልምምድ ያቋረጠ አንድ ልጃችን ይህን ካየ በኋላ ተመልሶ የዘበኛውን ሚና የጠየቀው፣ ትንሽ ሚና የሚባለው ምን ያህል እንደሚይዝ ስለገባው ነው።

ተቃዋሚ፦ ወንድሜ፣ ትዕይንቱን እኔም እወደዋለሁ። ሆኖም የዕጩነቱ ቁጥር የሚመዝነው ፊልሞቹን ነው፤ ከአምስቱ ሦስቱ የዳይሬክተሩ የፍራንሲስ ፎርድ ኮፖላ ናቸው። ቁጥሩን አምስት ላይ ያቆመውም ሞት እንጂ የካዛል ምርጫ አይደለም፤ ዕድሜ ቢሰጠው ደካማ ፊልም ውስጥ መግባቱ አይቀርም ነበር። ከዚህም በላይ የተሰጡት ሰዎች ሁሉ ደካሞች፣ ከሌላ ሰው ጥላ ሥር የሚኖሩ ናቸው፤ ችሎታው እስከ ምን ድረስ እንደሚዘልቅ በምን እንወቅ?

ደጋፊ፦ ሳል በተባለው ገጸ ባሕርይ እንወቅ። በ1975 በወጣው «ዶግ ዴይ አፍተርኑን» ውስጥ ባንክ ዘራፊውን ሳልን ሲጫወት አርባ ሊሞላው ጥቂት ቀርቶት ነበር፤ በእውነተኛው ታሪክ ውስጥ የነበረው ሳል ግን የ18 ዓመት ወጣት ስለነበር ዳይሬክተሩ ሲድኒ ሉሜት አመንትቶ፣ ሚናውን የሰጠው ካዛል ሲያነብ ከሰማ በኋላ ነው። ፍሬዶ እጁን ማሳረፍ የማይችል ሰው ሲሆን፣ ሳል ግን መሣሪያውን ይዞ ዓይኑን እንኳ ሳያንቀሳቅስ ይቆማል። ወደ የትኛው አገር መሸሽ እንደሚፈልግ ሲጠየቅ የአሜሪካ ግዛት የሆነችውን ዋዮሚንግን ይጠራል፤ መልሱ በድርሰቱ ውስጥ አልነበረም፣ ራሱ ካዛል ያመጣው ነው። በዚያች አንዲት ቃል ሳል ከአገሩ ውጭ ዓለም መኖሩን በቅጡ እንደማያውቅ እንረዳለን፤ ሊገድል የሚችለው ሰው በድንገት ያሳዝነናል። ይህን የጻፈለት ደራሲ የለም፣ የኮፖላም እጅ የለበትም።

ተቃዋሚ፦ የዋዮሚንጉን መልስ ማስተባበል አልችልም፤ ስለ ችሎታው ስፋት ያነሣሁትን ጥያቄ እተዋለሁ። በቁጥሩ ላይ ግን አልለወጥም፦ ከርዕሳችን «በአምስት ፊልም» የሚለው ይውጣና «በፍሬዶና በሳል» የሚለው ይግባ፤ ያን ጊዜ ከእርስዎ ጋር እፈርማለሁ።