ማስተካከያ፦ «ጥቁር ሰው ከስትሮክ አይድንም» ስለሚለው ጽሑፍ

በደሴና በኮምቦልቻ የቴሌግራም ግሩፖች «ጥቁር ሰው ስትሮክ ከመታው አይድንም፤ በደሙ ነው» የሚል ጽሑፍ እየተዘዋወረ ነው። ስህተት ነው። ስትሮክ የአንጎል ደም ሥር ሲዘጋ ወይም ሲፈነዳ የሚመጣ ሕመም ነው። የአሜሪካ የበሽታ መቆጣጠሪያ ማዕከል መረጃ የሚለው፣ እዚያ ጥቁሮች ለመጀመሪያ ጊዜ በስትሮክ የመመታት ዕድላቸው ከነጮች እጥፍ ያህል መሆኑን ነው። አይድኑም አላለም። በሕክምና መጽሔቶች የታተሙ ጥናቶችም ደም ግፊት እንደሚበዛባቸው፣ ሆስፒታል ዘግይተው እንደሚደርሱና የረጋ ደም የሚያሟሟውን መድኃኒት ከነጮች ባነሰ መጠን እንደሚያገኙ ያሳያሉ። ይሄ የደም ጉዳይ አይደለም።

የወሬው ጉዳት እዚህም ይደርሳል፤ «አይድንም» ብሎ ያመነ ሰው ወደ ሆስፒታል አይቸኩልም። መድኃኒቱ የሚሰጠው ምልክቱ በጀመረ በ4 ሰዓት ተኩል ውስጥ ነው፤ ያውም ሲቲ ስካን የሚባለው የራጅ ምርመራ አንጎል ውስጥ ደም አለመፍሰሱን ካሳየ። አፉ የተጣመመን ሰው «እስኪ ይደር» ብሎ ማስተኛት ሰዓቱን ይበላል። ከኮምቦልቻ ለሕክምና ደሴ ለመውጣትም እኮ ጊዜ ይሄዳል።