ህንጻው ያማረው ለመንገደኛ ነው

በመስታወት የተሸፈኑት አዳዲስ ህንጻዎች አዲስ አበባን ዘመናዊ አደረጓት የሚል ጽሑፍ አነበብኩ። ከመንገድ ላይ ሲያዩት ልክ ነው። ውስጥ የሚሠራው ሰውስ?

የኛ ቢሮ 7ኛ ፎቅ ላይ፣ ፊቱን ወደ ምዕራብ ያዞረ ነው። ከ9 ሰዓት በኋላ ፀሐይዋ ቀጥታ ኮምፒውተሩ ላይ ታርፋለች። መስታወቱ ላይ ካርቶን ለጥፈናል። ካርቶኑ ስለሚያጨልም ደግሞ በጠራራ ፀሐይ መብራት አብርተን እንሠራለን። የሚከፈተው ከላይ ያለችው ጠባብ መስኮት ብቻ ናት፤ እሷም ከስንዝር አታልፍም።

የሚያናድደኝ ይህ ዲዛይን ላይ በቀላሉ የሚፈታ መሆኑ ነው። ከተማችን 2,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ያለች ነፋሻማ ከተማ ናት። በደንብ የሚከፈት መስኮት ካለ አብዛኛው ቢሮ ኤሲ አያስፈልገውም። ለምድር ወገብም ቅርብ ነን። እኩለ ቀን ላይ ፀሐይ ከፍ ስለምትል ለሰሜንና ለደቡብ ፊት አጭር ጥላ ይበቃል። የሚያስቸግረው ዝቅ ብሎ የሚገባው የጠዋትና የከሰዓት ጨረር ነው። ስለዚህ ረጅሙን ጎን ወደ ሰሜንና ደቡብ ማዞር ነው። ቦታው ካልፈቀደ በምዕራብ በኩል መስታወቱን ቀንሶ ግድግዳ ማብዛት ይቻላል።

መስታወት ይቅር እያልኩ አይደለም። በ1953 ዓ.ም. በተመረቀው የአፍሪካ አዳራሽ ያለው የአፈወርቅ ተክሌ ባለቀለም መስታወት ታስቦበት የተቀመጠ ነው፣ ያምራልም። ፈቃድ ሰጪዎች የመኪና ማቆሚያ እንደሚጠይቁት ሁሉ የፀሐይ መከላከያና የሚከፈት መስኮትም ከፕላኑ ላይ ይጠይቁልን።